ከእንቁላል ነጭ እስከ አሚሎይድ ክር፦ ከደብረ ማርቆስ ቤተ ሙከራ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ይህን ሥራ የጀመርኩት አንድ ተማሪ ላነሳው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴን ስላላረካኝ ነው። ስለ ፕሪዮን፣ ማለትም በሽታ ስለሚያስተላልፈው ፕሮቲን፣ ባስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ እጁን አውጥቶ፣ “መምህር፣ ዲኤንኤም አርኤንኤም የሌለው፣ ሕይወትም የሌለው ፕሮቲን እንዴት ሆኖ ነው የሚባዛው?” አለኝ። ስታንሊ ፕሩዚነር እ.ኤ.አ. በ1982 “ፕሪዮን” የሚለውን ስም ሲያወጣ ብዙዎች እንዳልተቀበሉት፣ በ1997 ግን በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት እንዳገኘ ነገርኩት። ልጁ በትሕትና አንገቱን ነቀነቀ፤ የጠየቀው ግን ስለ ሽልማቱ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነበር። ስለዚህ ፕሮቲን ከትክክለኛ ቅርጹ ወጥቶ ክር ሲሠራ፣ አንዱ ክርም ሌላውን ሲጠራ፣ በዓይናችን የምናይበትን ሙከራ እዚሁ ባለን ዕቃ ለመሥራት ወሰንኩ።

የመረጥኩት ፕሮቲን በዶሮ እንቁላል ነጭ ውስጥ የሚገኘው ላይሶዛይም ነው። 129 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በአራት የድኝ ድልድዮች የተያዘ ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከእንቁላል ነጩ ፕሮቲን ውስጥ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህሉን ይይዛል። ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይፈታም። በጠንካራ አሲድ ውስጥ ለቀናት ሲሞቅ ግን አሚሎይድ የሚባለውን ክር እንደሚሠራ በሚገባ የታወቀ ነው። የሰው ላይሶዛይምም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚህ ፕሮቲን ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ በመለወጧ ብቻ በውስጥ አካላታቸው አሚሎይድ የሚከማችባቸው ቤተሰቦች እንዳሉ ታውቋል።

ጠዋት ገበያ ወጥቼ ሃያ አራት የአበሻ ዶሮ እንቁላል ገዛሁ። ሁዳዴ ስለሆነ እንቁላሉ በየቅርጫቱ ተከማችቶ ፈላጊ አጥቷል። ሻጯ እናት ቁጥሩን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝና፣ “የኔ ልጅ፣ በዚህ በሁዳዴ ሃያ አራት እንቁላል ለምን ፈለግኸው?” አሉኝ። “ለትምህርት ነው እናቴ፣ አይበላም” ብላቸው፣ “እንዲያ ከሆነስ ከሰሞኑ ልምረጥልህ” ብለው ከሌላ ቅርጫት እያወጡ ቆጠሩልኝ። ቤተ ሙከራ ደርሼ ውኃ ውስጥ ስከታቸው ሃያ ሁለቱ ከሥር ተጋደሙ፤ ሁለቱ ግን ቀጥ ብለው ስለቆሙ ያረጁ መሆናቸውን አውቄ ለየኋቸው።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ነጩን ከአስኳሉ መለየት ግማሽ ቀን ወሰደብን። አስኳሉ በትንሹም ቢፈስ ስቡ ሥራውን ስለሚያበላሽ፣ እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ በትንሽ ብርጭቆ ላይ ሰብረን ካየን በኋላ ነው ወደ ዋናው ዕቃ የገለበጥነው። አስኳሉ የደረሰው ለግቢው ዘበኛ ውሻ ነው፤ እሱ ጾም የለበትም።

ነጩ ወፍራምና ቀጭን ክፍል ስላለው እንዲዋሐድ መማሰል አለበት። እዚህ ላይ የቤተ ሙከራ ረዳታችን እንደ ኬክ ሊመታው ሲል አስቆምኩት፤ ምክንያቱም አረፋ ማለት ራሱ ቅርጹን የለቀቀ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ከአየር ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ተዘርግቶ ውኃ የሚሸሹት የውስጥ ክፍሎቹ ወደ አየሩ ይዞራሉ፤ አንዴ ከተዘረጋ በኋላም እንደነበረ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ በብርጭቆ ዘንግ ቀስ ብለን አማሰልነውና የተንጠለጠለውን ለማስቀረት በታጠበ አሮጌ ነጠላ አጠለልነው። ይህ ነጠላ ኋላ ጉድ ሊሠራኝ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ወደ 500 ሚሊ ሊትር ነጭ አገኘን። በየ100 ሚሊ ሊትሩ 5 ግራም ጨው ጥቂት በጥቂት ጨመርንበት፤ ከዚያም በቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ 7 ገለልተኛ ነው) ወደ 9.5 አደረስነው። የዚህ ዘዴ ብልሃት ላይሶዛይም ከሌሎቹ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲኖች የሚለይበትን ጠባይ መጠቀሙ ነው፤ አብዛኞቹ ከገለልተኛው በታች ባለ ፒኤች ላይ ኤሌክትሪካዊ ሙላቸው ዜሮ ሲሆን፣ የላይሶዛይም ግን ወደ 11 የተጠጋ በመሆኑ በዚህ ሁኔታ እርሱ ብቻ እየተለየ ክሪስታል ይሠራል። ከድሮ ግዢ የተረፈች ቁንጥር የላይሶዛይም ዱቄት ነበረችን፤ እርሷን ለክሪስታሉ መነሻ ዘር አድርገን ጨመርናትና ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። ሥራው በዘር ተጀምሮ በዘር የሚያልቅ መሆኑን ልብ ያልኩት ይህን ስጽፍ ነው።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ከዕቃው ሥር ነጭ ደለል ተኝቷል። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ሳየው ማዕዘናቸው የተሳለ፣ ብርሃኑን የሚመልሱ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሞልተውበታል። ፕሮቲን ክሪስታል መሥራት መቻሉ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሞለኪውሎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ከሌላቸው እንዲህ ተራ ይዘው ሊደረደሩ አይችሉም። ኤንዛይም ከሚባሉት ሁሉ ቅርጹ በኤክስሬይ መጀመሪያ የታወቀው ይኸው ላይሶዛይም ነው፤ የዴቪድ ፊሊፕስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳየው።

ቅርጹ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ፣ ክርስቲያን አንፊንሰን ሪቦኑክሌዝ የተባለውን ባለ 124 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን በኬሚካል ፈትቶ፣ ኬሚካሉን ሲያነሣለት ፕሮቲኑ ራሱ ወደ ሥራው እንደሚመለስ አሳይቷል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የአጣጠፉ መመሪያ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። እኔ ለተማሪዎች ደጋግሜ የምለው ግን ሌላ ነው፤ መመሪያው ሞለኪውሉ ብቻውን ሲሆን የሚሠራ መመሪያ ነው። ጎረቤት ሲበዛ፣ ሙቀት ሲጨምር ወይም አሲድ ሲገባ፣ ያው ሰንሰለት ከራሱ ጋር ከመታጠፍ ይልቅ ከጎረቤቱ ጋር መያያዝ ይቀለዋል።

ክሪስታሉን በጨው ውኃ አጥበን፣ በለዘብተኛ አሲድ አሟሙተን፣ እንደገና ክሪስታል እንዲሠራ መለስነው።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ሁለተኛውን ክሪስታል ሰብስበን በባዩሬት ዘዴ ለካነው። ሰማያዊው የመዳብ ውሕድ ፕሮቲን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ የድምቀቱ መጠን የፕሮቲኑን መጠን ይናገራል። ከ500 ሚሊ ሊትሩ ያወጣነው 0.6 ግራም ያህል ሆነ። በውስጡ ከነበረው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለምናስበው ሥራ ይበቃል። ጨዉ ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም፤ ለዚህ ሙከራ ግን ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ አይጎዳውም።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዋናው ሙከራ ተጀመረ። በየሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም ላይሶዛይም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 2 ላይ አሟሙተን፣ ክዳናቸው በሚጠብቅ አሥራ ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች 2፣ 2 ሚሊ ሊትር ቀዳን። አሥሩን 60 ዲግሪ ላይ በተስተካከለ ዋተር ባዝ (ሙቀቱን በሚጠብቅ የውኃ ገንዳ) ውስጥ ከተትን፤ ሁለቱን ለማነጻጸሪያ ፍሪጅ ውስጥ አስቀረን። በተጨማሪ አንድ ብልቃጥ ጥሬ የእንቁላል ነጭ በምድጃ ላይ በሚፈላ ውኃ አበሰልን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንቁላል ለማብሰል ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የተቀቀለው ነጭ የተጨመረው ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳያምታቱ ነው። እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኖቹ ተፈትተው እንደተዘበራረቀ ጥጥ ይያያዛሉ፤ ሥርዓት የለውም። አሚሎይድ ግን ሥርዓት ያለው ጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት ጠፍጣፋ ሆኖ በቀዳሚው ላይ ይደረደራል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በክሩ ርዝመት ሁሉ አንድ ነው፤ ከአንድ ናኖ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ግማሽ በትንሹ ያነሰ። አስገራሚው ነገር ይህን አደራደር በኤክስሬይ መጀመሪያ ካዩት አንዱ ዊልያም አስትበሪ መሆኑና እ.ኤ.አ. በ1935 ያየውም በበሰለና በተለጠጠ የእንቁላል ነጭ ላይ መሆኑ ነው። የተዘበራረቀውም ሲጎተት ሥርዓት ይይዛል ማለት ነው።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ትናንት ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ስገባ ዋተር ባዙ 24 ዲግሪ ያሳያል። ስንት ሰዓት እንደቆየ ማወቅ ስለማይቻል፣ ከረዳታችን ጋር ባዙ ከ60 ዲግሪ ወደ 24 ለመውረድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በሌላ ቀን ለመለካት ተስማምተን ዛሬን “የተቋረጠ ቀን” ብለን መዘገብነው። ፍሪጁም አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ግን ከጮቄ በኩል የሚወርደው የሌሊት ብርድ አድኖልናል።

ቱቦዎቹ አሁንም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። ተማሪዎቹ ሙከራው አልሠራም ብለው ተስፋ መቁረጥ ጀምረዋል። እኔ ግን ከሂደቱ ሁሉ የምወደው ይህን የዝምታ ጊዜ ነው። ክሩ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሞለኪውሎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በትክክለኛው አቀማመጥ መገናኘት አለባቸው፤ ሁለቱ ቢገናኙ ሦስተኛው ሳይደርስ ይለያያሉ። ይህች የመጀመሪያ ጉባኤ እስክትሰበሰብ ድረስ የሚታይ ነገር የለም። ከተሰበሰበች በኋላ ግን አዲስ መጪ ሁሉ የተዘጋጀ ጫፍ ስለሚያገኝ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። የአልዛይመርንም ሆነ የፓርኪንሰንን በሽታ ከሕመሙ ምልክት በፊት ለብዙ ዓመታት የሚያደፍጥ የሚያደርገው አንዱ ይኸው የአጀማመር ጠባይ ነው፤ በመጀመሪያው አሚሎይድ ቤታ፣ በሁለተኛው አልፋ ሲኑክሊን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው የሚደረደሩት።

በእኛ አገር ሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ግን ሌላው ዓይነት ይመስለኛል። ሳንባ ነቀርሳን የመሰለ ሥር የሰደደ በሽታ ሰውነትን ለዓመታት ሲያቃጥል፣ ጉበት ሴረም አሚሎይድ ኤ የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ያመርታል፤ ከዚህ የተቆረጠው ቁራጭ በኩላሊት ውስጥ እየተደረደረ ኩላሊቱን ያደክማል። በሽንት ፕሮቲን የሚወጣበት፣ እግሩ ያበጠ የቆየ የነቀርሳ ሕመምተኛ ሲገኝ ይህንን ማሰብ ተገቢ ነው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ከአሥሩ ቱቦዎች ሰባቱ ወፍረዋል። አንዱን ሳዘነብለው ፈሳሹ እንደ ቀጭን የአብሽ ውኃ እየተጓተተ ተከተለኝ። አልቸኮልኩም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ ኮንጎ ሬድ የተባለውን ማቅለሚያ አንስቼ በቀጥታ ጨመርኩበት። ቀይ ሆኖ የገባው ጠብታ ከመቅጽበት ሰማያዊ ሆነ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ምን እንዳየሁ ሳላስተውል አብሬያቸው ተደሰትኩ።

ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የማቅለሚያውን ጠርሙስ አየሁት፤ “የፒኤች አመልካች” የሚል ተጽፎበታል። ኮንጎ ሬድ ከፒኤች 3 በታች ሰማያዊ፣ ከ5 በላይ ቀይ ነው። የእኔ ናሙና ፒኤቹ 2 ነው። ያየነው አሚሎይድን ሳይሆን አሲድን ነበር። ለማረጋገጥ በሌላ ቱቦ ባለ ባዶ አሲድ ላይ ማቅለሚያውን ስጨምርበት እንደዚያው ሰማያዊ ሆነ። ጭብጨባው ቆመ። ከዚህ በኋላ ናሙናውን መጀመሪያ በፎስፌት በፈር (ፒኤችን በሚያጸና ውሕድ) ወደ ገለልተኛ ፒኤች መልሰን ነው የምናቀልመው።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ሌላ ሰው ሳይኖር መጥቼ ሠራሁ። ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለው ማይክሮስኮፕ ስለሌለን ከተበላሸ የሒሳብ ማሽን ማሳያ ላይ ሁለት የፖላራይዘር ወረቀት ላጥኩ፤ አንዱን ከመብራቱ በላይ፣ ሌላውን ከዓይን መነጽሩ ላይ አስቀምጬ ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ድረስ የላይኛውን አዞርኩት። ኮንጎ ሬድ የተቀላቀለው አሚሎይድ በዚህ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ማብራት አለበት።

አበራ። በጨለማው መካከል ረጅም፣ ጠማማ፣ ደማቅ ክር ተዘርግቶ አየሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ፤ ለአንድ የሙያ ጓደኛዬም ላክሁለት። እርሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመለሰልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ “ይህ ክር ስንት ማይክሮ ሜትር ነው?”

ለካሁት። ስፋቱ ወደ 17 ማይክሮ ሜትር ነበር። የአሚሎይድ ክር ስፋቱ 10 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ማይክሮስኮፕ አንዱ ክር ለብቻው ሊታይ ቀርቶ ሊገመትም አይችልም፤ የሚታየው የክሮች ክምር ብቻ ነው። ያየሁት ክር ከዚያ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይወፍር ነበር፤ በየቦታው እንደ ጥብጣብ መጠማዘዙንም ካየሁ በኋላ ነገሩ ገባኝ፤ ጥጥ ነው። የነጠላው ክር ነው። እንቁላሉን ያጠለልንበት ነጠላ ትንሽ ትንሽ ጥጥ ጥሎብናል፤ ከሁለት ጊዜ ክሪስታል በኋላም ሳይለቅ ቆይቷል።

ይህ ስህተት እንዲያው የመጣ አይደለም። ኮንጎ ሬድ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራው ለበሽታ ምርመራ ሳይሆን ለጥጥ ማቅለሚያ ነበር፤ የሚያጣብቅ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ጥጥን በቀጥታ በማቅለሙ ነው ዝና ያገኘው። ሐኪሞች ለአሚሎይድ መጠቀም የጀመሩት በ1922 የቤንሆልድን ሥራ ተከትለው ነው። የጥጡ ሴሉሎስም፣ አሚሎይዱም ቀጥ ያሉ፣ የተደረደሩ ሰንሰለቶች ስላሏቸው ቀለሙ በሁለቱም ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ሩዶልፍ ፊርሾ በ1854 በአዮዲን የቀለመውን ነገር ከስታርች ወገን ነው ብሎ “አሚሎይድ” የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሪድራይሽና ኬኩሌ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልታረመም። ፊርሾ ፕሮቲኑን ከስኳር ወገን ቆጠረው፤ እኔ ደግሞ የጥጡን የስኳር ሰንሰለት ፕሮቲን አደረግሁት። ፎቶውን ከስልኬ አልሰረዝኩትም፤ ለተማሪዎች አሳየዋለሁ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

ዛሬ ቀስ ብለን ሠራን። ናሙናውን በሴንትሪፊዩጅ በዝቅተኛ ፍጥነት አዙረን ጥጡንና ሌላውን ከባድ ቆሻሻ አወረድን፤ ከላይ ያለውን ወስደን በስላይድ ላይ አደረቅነው፤ ጨው በጠገበ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ በተሟሟ ኮንጎ ሬድ አቀለምነው። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ያየነው ክር ሳይሆን ደመና መሳይ ነጠብጣብ ነበር፤ ስላይዱን ስናዞረው ከአረንጓዴ ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ አረንጓዴ ይለዋወጣል። የጨው ክሪስታሎችም አብረው ያበራሉ፤ እነሱ ግን ነጭ ናቸው፣ ቀለሙንም አልወሰዱም። ከፍሪጁ የመጣው ላይሶዛይምና የተቀቀለው እንቁላል እንደጨለሙ ቀሩ።

የብርሃን አዋዋጥን በሚለካው በስፔክትሮፎቶሜትርም አረጋገጥን። ብቻውን ያለ ኮንጎ ሬድ አብልጦ የሚውጠው 490 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ ከክሩ ጋር ሲያያዝ ጫፉ ወደ 540 ይሄዳል። የእኛም ሄደ። አሁን የምናምነው ነገር አለን።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ወደ ተማሪው ጥያቄ ደረስን። የተሠራውን ክር በኢንሱሊን መርፌ ሃያ ጊዜ እያስገባንና እያስወጣን ሰባበርነው፤ አንዱ ክር ሲሰበር ሁለት ጫፍ የነበረው አራት ጫፍ ይኖረዋልና። በነገራችን ላይ ኢንሱሊንም ራሱ በአሲድና በሙቀት አሚሎይድ ይሠራል፤ በአንድ ቦታ ደጋግመው በሚወጉ የስኳር ሕሙማን ቆዳ ሥር እንደሚከማችም ታይቷል።

ስምንት ቱቦ አዲስ የላይሶዛይም ውሕድ አዘጋጀን። በአራቱ ላይ ከተሰባበረው ክር 5 በመቶ ጨመርን፤ አራቱን ያለ ዘር ተውናቸው። ተማሪዎቹን ምን ትጠብቃላችሁ ብዬ ስጠይቅ አንዷ ፈጥና፣ “እርሾ እንደገባበት ሊጥና እንዳልገባበት ሊጥ” አለች። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ካለፈው ቡሖ የተቀመጠው እርሾ የገባበት ሊጥ ቶሎ ይነሣል፤ ያልገባበት ከአየሩና ከዱቄቱ እስኪያገኝ ይዘገያል። ዘር የዝምታውን ጊዜ ያሳጥራል።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ዘር የገባባቸው አራቱም ወፍረዋል፤ እንደጠበቅነው ነው። ነገር ግን ዘር ካልገባባቸው አራት ውስጥም ሦስቱ ወፍረዋል። መጀመሪያ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነው ብዬ ቴርሞሜትሩን ተጠራጠርኩ፤ ልክ ነው። አሲዱን ለካሁ፤ እሱም ልክ ነው። ሙከራው ከሽፎ ሊሆን ነው ብዬ ተማሪዎቹን ወደ ቤት ሰደድኳቸው።

ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቱቦዎቹን እያገላበጥኩ ሳይ፣ ጠርታ የቀረችው አንዷ ቱቦ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ክዳኗ ሰማያዊ ነው። ከአዲሱ ካርቶን የወጣች ናት። ሦስቱ ግን በመጀመሪያው ዙር ክሩ የተሠራባቸው፣ በሳሙና የታጠቡና በተጣራ ውኃ የተለቀለቁ አሮጌ ቱቦዎች ናቸው።

ጠዋት ይህንን ለረዳታችን ስነግረው ምንም አልደነቀውም። “የእናቴ የእርጎ ቅል እኮ እንዲሁ ነው” አለኝ። “ሲታጠብ ንጹሕ ይመስላል፤ ወተት ሲገባበት ግን ማንም ምንም ሳይጨምርበት ይረጋል። እርሾው ከግድግዳው ነው።” እናቱ ቅሉን በወይራ የሚያጥኑት ጠረኑን ብቻ ፈልገው እንዳልሆነ፣ ጭሱ በግድግዳው ላይ ያለውን እንደሚቀንሰውም ጨመረልኝ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ይህ ነገር በቤተ ሙከራ ቱቦ ላይ ሲደርስ የሚያስቆጨው የባከነ ጊዜ ብቻ ነው። በሆስፒታል ግን ከዚህ የከበደ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ዘገባ፣ ፕሪዮን በሚያመጣው የአንጎል ሕመም፣ በክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ፣ በተያዘች ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ የገቡ ኤሌክትሮዶች በአልኮልና በፎርማልዲሃይድ እንፋሎት ጸድተው ለሁለት ወጣት የሚጥል በሽታ ሕሙማን ጥቅም ላይ ከዋሉ በኋላ ሁለቱም በዚያው በሽታ ተይዘዋል። ባክቴሪያንና ቫይረስን የሚገድለው ፎርማልዲሃይድ እዚህ ላይ የሚገድለው ሕይወት አላገኘም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለው መሣሪያ 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን ወይም ጠንካራ በረኪናን ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያም አውቶክሌቭን (በግፊት እንፋሎት የሚያመክነውን ዕቃ) የመከረው። እኛ የምንሠራበት ላይሶዛይም ፕሪዮን አይደለም፤ ቢሆንም ማንም ጓንት ሳያጠልቅ ቱቦ እንዳይነካ ከልክያለሁ።

አሮጌዎቹን ቱቦዎች ሌሊቱን በዚያው በ1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ሶዳ) ውስጥ አሳደርናቸው። ሦስተኛውን ዙር ዛሬ ጀመርን፦ ዘር ያለባቸው አራት፣ ዘር የሌላቸው አራት፤ ከኋለኞቹ ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ በሶዳው የጸዱ አሮጌ ቱቦዎች ናቸው።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ዘር ያለባቸው አራቱም ትናንትና ወፍረዋል። ዘር የሌላቸው አራቱም ጠርተዋል፤ አሮጌዎቹም ጭምር።

በዕረፍት ሰዓት አንድ ተማሪ ከግቢው የሎሚ ዛፍ ቅጠል ይዞ መጣ። ከቅጠሉ ሥር፣ እያንዳንዷ ከፀጉር በቀጠነ ዘንግ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ሞላላ ነጭ እንቁላል ተሰልፋለች። ክንፏ እንደ መረብ የሆነ አረንጓዴ ነፍሳት ናት የጣለቻት። ሐር መሰሉን ፈሳሽ ቅጠሉ ላይ ታስነካና ሆዷን ወደ ላይ ትስባለች፤ የተሳበው ወዲያው ይደርቅና እንቁላሏን ጉንዳን ከማይደርስባት ከፍታ ላይ ይሸከማል። የዚህ ዘንግ ፕሮቲን አደራደር ልክ እንደ አሚሎይዱ ነው፤ በሽታ ሳይሆን የምሰሶ ሥራ። እኛ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያም ከርሊ የሚባል አሚሎይድ ክር ከአካሉ ውጭ እየሠራ ይጣበቅበታል። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ማለት ያው ነው ብሎ አንዱ ተማሪ ሲያነሣ፣ የሸረሪቷም ድር ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተመሳሳይ ንጣፍ እንደሆነ ነገርኩት።

ጠያቂው ተማሪም ቀጠለ፤ “ታዲያ መምህር፣ የእርሾው ምሳሌ እኮ ልክ አይደለም፤ እርሾ ሕይወት አለው።” ልክ ነው። በቡሖው ውስጥ ያለው እርሾ ዲኤንኤውን እየገለበጠ ይባዛል። ክሩ ግን ምንም አዲስ ፕሮቲን አይሠራም፤ የሚያባዛው ቅርጹን እንጂ ቁሱን አይደለም። ቁሱ ቀድሞ በቱቦው ውስጥ፣ ወይም በአንጎላችን ውስጥ፣ በጤናማ መልኩ አለ። ሆኖም ምሳሌው በሌላ በኩል ይመለሳል፤ ለጠላ ጥንስስ የምንጠቀምበት እርሾ ዘመድ በሆነው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ውስጥ፣ ሪድ ዊክነር እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳየው፣ ከእናት ወደ ልጅ ሴል በቅርጽ ብቻ የሚተላለፉ ፕሮቲኖች አሉ። እርሾውም ራሱ እርሾ አለው ማለት ነው። ተማሪው ይህቺን ደብተሩ ላይ ጻፋት።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ዘር ካልገባባቸው አራት ቱቦዎች ሦስቱ ዛሬ በአምስተኛው ቀን ወፍረዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱ በሶዳ የጸዱት አሮጌዎቹ፣ አንዷ አዲስ ናት። ስለዚህ ሶዳው ሠርቷል፤ አሮጌው ቱቦ ከአዲሱ አልቀደመም። በኮንጎ ሬድ ሁሉም ወደ 540 ሄደዋል፤ በጨለማውም አረንጓዴ ናቸው። ዘር ያለባቸውና የሌላቸው ክሮች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በአጀማመራቸው ብቻ ነው።

አራተኛዋ አዲስ ቱቦ ግን ሰማያዊ ክዳኗን እንደደፋች እንደ ውኃ ጠርታ ቆማለች። ያው ፕሮቲን፣ ያው አሲድ፣ ያው ሙቀት ነው ያላት፤ የመጀመሪያዋ ጉባኤ ገና አልተሰበሰበችባትም። ረዳታችን ዋተር ባዙን ሊያጠፋው ነበር፤ ለእሷ ስል እንዲተወው ነገርኩት። ክዳኗ ላይ ቀኑን ጽፈን ወደ ቦታዋ መለስናት።